ልጅህ ትበላለች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም እዚያች አጭር በርጩማ ላይ ተጎንብሰህ ጫማ ስትሰፋ ትውላለህ? ዓይንህስ? ባለፈው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አስቸገረኝ ብለህ ነበር። መነጽሩን አደረግከው ወይስ “ሽማግሌ ያስመስለኛል” እያልክ ኪስህ ውስጥ ታዞረዋለህ? ባለቤትህ እትዬስ ደህና ናት? የእማዬ ጉልበትስ? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከእጄ በቀር ደህና ነኝ። እጄን ሳሙናና ሙቅ ውሃ እየላጠው የድንች ልጣጭ መስሏል እንጂ ሌላው አካላቴ ሁሉ ደህና ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። “ሴሚስተሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ትምህርት ከጤና አይበልጥም፤ ልጄን አጥንቷ ወጥቶ ከምቀበላት ሳትማር ትቅር” ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ላብ አጠመቀኝ። አልፈርድብህም፤ አባት ነህ። ልጅህ አትበላም ብዬ የጻፍኩልህ እኔ፣ የገዛ እህትህ ነኝ። አሁን ደግሞ ያው እጅ መልሶ ይጽፍልሃል። ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው። ሚጢ ትበላለች። እንዴት እንደተሳሳትኩ እስክነግርህ ድረስ እባክህ ከተቀመጥክበት አትነሳ፤ ደንበኛም ቢመጣ ይጠብቅ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬህ አላውቅም። የምሠራው ከተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ጀርባ፣ የትሪ መመለሻው መስኮት ላይ ነው። መስኮት ስልህ የቤት መስኮት እንዳይመስልህ፤ ወገብ ላይ የምትደርስ፣ አንድ ትሪ ከነብርጭቆው ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ናት። ተማሪው በልቶ ሲጨርስ ትሪውን በዚያ ይገፋልኛል። እኔ የተረፈውን ወደ በርሜሉ እጠርጋለሁ፣ ማንኪያውን ወደ ባልዲው እጥላለሁ፣ ሳህኑን ለሳቂታ አቀብላለሁ። ሳቂታ የምንላት አጣቢዋ ባልደረባዬ ናት፤ ሳህን ሲሰበር እንኳ ትስቃለች። በዚያች መስኮት ፊት አይታይም። ከእጅ አንጓ በላይ ምንም አይታይም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ተማሪ በእጁ ለይቼ አውቄዋለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘው ግን ሰላም የምለው አንድም የለኝም።

ነገር ግን ሳህን የማይናገረው የለም። ወላጅ “ልጄ ኮሌጅ ገባ” እያለ ደረቱን ይነፋል እንጂ ልጁ የሚበላውን ቢያይ ትንፋሹ ቀጥ ይል ነበር። ቁርስ ላይ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሲያነቡና ሲያወሩ ያመሹና ቁርሳቸውን በእንቅልፍ ይበሉታል። አራት ሰዓት ላይ ሆዳቸው ሲጮህ በለስላሳና በብስኩት ዝም ያሰኙታል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ “ጥጋብ ያስተኛል” የሚል ሃይማኖት አላቸው፤ በባዶ ሆድ ላይ ቡና እየለቀቁበት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ፈተና ይገባሉ። ጎመን እንደሄደ ይመለሳል። ሼፋችን አንድ ቀን በርሜሉን አይቶ “እኔ ለዚህ በርሜል ነው እንዴ የማበስለው?” ብሎ ሽርጡን ወርውሮ ወጥቶ ነበር። ፍቅር የያዘው በአንድ ትሪ ሁለት ማንኪያ ይመልሳል፤ በተጣሉ ማግስት ማንኪያው አንድ ይሆንና ሩዙ ሳይነካ ይመጣል። እኔና ሳቂታ ማን ከማን እንደታረቀ ከእናቶቻቸው በፊት እናውቃለን።

እንግዲህ ሚጢ ስትመጣ “ዓይንሽ እንዳይለያት” ብለህ አደራ ሰጥተኸኛል። እኔ ከቁርስ እስከ ምሳ ከግድግዳው ጀርባ ነኝ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ናት፣ የምንገናኘው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይኔን በእጇ ላይ ጣልኩ። ስትሸኛት ያሰርክላትን ያን ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት ታስታውሳለህ? ማሰሪያው ተበጥሶ አንተ በሰም በተቀባ ሰማያዊ ክር የሰፋኸው። ጋሼ፣ ያንን ስፌትህን ከሺህ ስፌት መሃል አውቀዋለሁ። ሰዓቱ ያለበት እጅ ብቅ ሲል “ልጄ መጣች” እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ ግን ያ እጅ የሚገፋልኝ ትሪ እንደተቀበለችው ሆኖ ይመጣ ጀመር። እንቁላሉ አልተላጠም፣ ዳቦው አልተቆረሰም፣ ወተቱ ላይ ስልባቦት ሠርቷል። ምሳ ላይ ትንሽ ቆንጠር ይደረግና ሌላው ይመለሳል። አንድ ቀን ቢሆን አሟት ነው እላለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሳቂታን ባማክራት “ቅጥነት ፍለጋ ነው፣ የዘንድሮ ሴት ልጆች መስታወት እያዩ ነው የሚጠግቡት” አለችኝ። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? የኔ ልብ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ፈረደ።

እሁድ እስኪደርስ አላስቻለኝም፤ ከሥራ ስወጣ አስጠርቼ የጓሮው በር ላይ ያዝኳት። ብርድ ስለነበር እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳ ነበር። “ምን ሆነሽ ነው የማትበይው? አባትሽ ወገቡን እየቆረጠው ጫማ የሚሰፋው አንቺ እንድትጦሚ ነው?” ብዬ ጮህኩባት። መጀመሪያ “አክስቴ፣ ኧረ እኔ እበላለሁ” አለች። “ሰዓትሽን በዓይኔ አይቼ! ሙሉ ትሪ እየመለስሽ!” ስላት ግን ፊቷ ወዲያው ተለዋወጠ። የእጅጌዋን ጫፍ ጎተት አድርጋ ጣቶቿን ሸፈነችና ቀስ ብላ “ሙሉውን ነው? በየቀኑ?” አለችኝ። የገዛ ትሪዋን እኔን ትጠይቀኛለች! የተያዘ ሌባ ጭንቀት መሰለኝ። ከዚያ “እሺ አክስቴ፣ ገብቶኛል” ብላ እየሮጠች ሄደች። ያን ዕለት ነው ቁጭ ብዬ ያን ደብዳቤ የጻፍኩልህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ነገሩ ተገለበጠ። ያ እጅ የገፋልኝ ትሪ ባዶ ነበር፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ብቻ ጥግ ላይ ተሰብስቧል። በሦስተኛው ቀንም፣ በሳምንቱም። ሌላም የገረመኝ ነገር ነበር፤ ትሪው ብቻውን አይመጣም። አራት ትሪ ተከታትሎ ይመጣል፣ አራቱም ተጠርጎ የተበላ። ቁርስ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምሳ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይቀመጡና በሃያ ደቂቃ ውስጥ አራቱም ትሪ ታግ ታግ ታግ ታግ ብሎ ይደረደርልኛል። ሳቂታ “ሰልፈኞቹ መጡ” ትል ጀመር። እኔ ደግሞ “አየሽ ቁጣዬን!” ብዬ ተንጠባረርኩ። ሁለተኛ ደብዳቤ ልጽፍልህና ልጎርርብህ ወረቀት ሳወጣ ያንተ “እወስዳታለሁ” ደረሰኝ።

ደብዳቤህን ይዤ መኝታ ክፍላቸው ሄድኩ። ሌሎቹ ልጆች ልብስ ሊያጥቡ ወጥተው ብቻዋን ነበረች። ሰጠኋት፣ አነበበችው፣ አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። “በይ አሁን ጻፊለት፤ ያኔ አልበላም ነበር፣ አሁን ግን እየበላሁ ነው በይው፤ አባትሽ ልቡ ቅቤ ነው” አልኳት። ምን ብላ መለሰችልኝ መሰለህ? “አባዬ ያኔ ለምን አልበላሽም ካለኝ ምን እለዋለሁ? መዋሸት አልችልም። እውነቱ ደግሞ የኔ አይደለም።” እንባዋን ስታብስ እጅጌዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እጇም ባዶ ነበር። “ሰዓትሽስ?” አልኳት። “አውሻለሁ።” “ለማን?” ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንዲያውም በእማዬ ስም አስማልኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ያን ቀን ስወጣ እንኳ ገና አልገባኝም ነበር፤ ብቻ በሩን ስዘጋ የዚህች ልጅ ዝምታ የጥፋተኛ ዝምታ እንዳልሆነ ሆዴ ነገረኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በምሳ ሰዓት፣ አራቱ ትሪ መጣ። ሦስቱ እጆች ሄዱ። አራተኛው፣ ያንተን ስፌት ያሰረው እጅ ግን ትሪውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሰው ጎንበስ አለ፣ በመስኮቷም ፊት ታየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያች መስኮት ጎንበስ ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ በድንጋጤ የያዝኩት ሳህን አምልጦኝ ሳቂታ ሳቀች። የሚጢ ፊት አልነበረም። “የሚጢ አክስት እርስዎ ነዎት? አንድ ጊዜ ላነጋግርዎት እችላለሁ?” አለችኝ።

መስኮቷን ለሳቂታ ትቼ ጓሮ ወሰድኳትና የድንች ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኳት። ልጅቷ ስኳር አለባት፣ ጋሼ። ከታወቀላት ዓመት አልሞላም። ሐኪሟ መርፌሽን በሰዓቱ፣ ምግብሽንም በሰዓቱ ብሏታል። እሷ ግን ኮሌጅ ስትገባ አፈረች። “በሽተኛዋ” መባልን ፈራች። ስለዚህ የራሷን ሐኪምነት ጀመረች፤ “ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል?” ብላ ምግቡን ትተወዋለች፣ መርፌውንም አንድ ቀን ትወጋና አንድ ቀን ትዘለዋለች። ሰው እንዳይጠይቃት ትሪ ይዛ ትቀመጣለች፣ ማንኪያ ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ሙሉውን ለኔ። ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ደረጃ ላይ ወድቃ ያነሳቻት ሚጢ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌውን ያየችውም እሷው ናት። ለማንም እንዳትናገር አስማለቻት፤ ሚጢ ማለች፣ ከዚያ የራሷን ሰዓት ፈትታ ሦስት የማንቂያ ደወል ሞልታ እጇ ላይ አሰረችላት። ሚጢ ቤተ ሙከራ ስላለባት ቁርስም ምሳም ቀድማ በልታ ትሄዳለች። ሰዓቱ ሲጮህ ጓደኛዋ ተነስታ መሄዷን ከአፏ ትሰማለች እንጂ ትሪው ሙሉ መመለሱን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ያወቀችው እኔ የጓሮው በር ላይ ስጮህባት ነው።

አሁን የሚያስገርመኝን ልንገርህ። እኔ ብሆን ወደ ክፍሉ ተመልሼ “ዋሽተሽኛል!” ብዬ ቡራ ከረዩ እል ነበር። ያንተ ልጅ እንዲህ አላደረገችም። ያን ዕለት ማታ አራቱም ከእራት ሲመለሱ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ለሌሎቹ ሁለቱ እንዲህ አለቻቸው፤ “ከኛ ከአራታችን አንዷ በሰዓት መብላት አለባት። ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ። ከነገ ጀምሮ አራታችንም በአንድ ሰዓት እንብላ።” ሁለቱም አልጠየቁም። አንዷ፣ ከቀትር በፊት መንቃት ሞት የሚመስላት እንቅልፋም፣ “ለቁርስም?” ብቻ አለች አሉ። “ለቁርስም” ሲሏት ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድማ ጫማዋን ያሰረችው እሷ ናት። እስከዛሬ ሁለቱ ልጆች ከአራቱ ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ማወቅም አልፈለጉም። ሰዓቱ ይጮሃል፣ አራቱም ይነሳሉ። እራት በልተው ሜዳውን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። ለስላሳውን ተዉት፤ ዶርማቸው ውስጥ አሁን ሙዝና ውሃ ነው ያለው። በጊዜ ስለሚነሱም በጊዜ ይተኛሉ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የሚጢ ግን ለቁርስም፣ ለምሳም፣ ለራትም በቃ።

ነገሩ ጭራሹን ከክፍሉ አልፎ ሄዷል። በዚያ ፎቅ ያሉት ልጆች አራቱ እንደ ወታደር ሲመላለሱ ያዩና በመሃል ፈተና ጥሩ ውጤት ማምጣታቸውን ይሰማሉ። “ምስጢሩ ሰዓቱ ነው” የሚል ወሬ ተነሳ። አሁን ያ የሰፋኸው ሰዓት ሲጮህ ከየክፍሉ እየወጣ የሚከተላቸው ብዛት! የምስጢር የትምህርት ዘዴ የቀሰሙ መስሏቸው ቁርስ ይበላሉ። ሼፋችን የዳቦው ቁጥር ለምን እንደጨመረ ግራ ገብቶት የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። “ጎመኑ ምን ነካው?” አለ። እኔ አፌን በሽርጤ ይዤ ዞር አልኩ።

ስኳር ያለባት ልጅ አብረው መብላት ከጀመሩ ወዲህ ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ ሄዳለች፤ ነርሷ በየሳምንቱ ታያታለች፣ መርፌውንም አትዘልም። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ እጄን፣ ያን የተላጠ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፤ “ሚጢ ትምህርቷን ልትተው ነው ሲሉ ሰማሁ። በኔ ምክንያት ነው። እሷ ብትናገር ኖሮ በአንድ ቃል ትድን ነበር፣ አልተናገረችም። ለአባቷ ይጻፉላቸው። ስሜንም ይጻፉ፤ ከፈለጉ ይምጡና እኔው ፊት ለፊት ልንገራቸው።” ጋሼ፣ አንጀቴን በላችኝ። አቅፌያት ብዙ አለቀስኩ፤ ሽርጤ የጎመን ሽታ እንዳለው ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ልጅህ ከምትከሳ ሳትማር ትቅር ብለሃል፤ ትክክል ነህ፣ አባት እንዲህ ነው። ግን ልጅህ አልከሳችም። እኔ በዚያች መስኮት አንድ ሺህ እጅ አይቻለሁ፤ የሰው ችግር ለመሸፈን የራሱን ዕድል አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ ግን አላየሁም። እኔ አላሳደግኳትም፣ ያሳደግካት አንተ ነህ። አንተ በደብዳቤህ ስትቆጣ እንኳ ከአፏ አንድ የቅሬታ ቃል አልወጣም። ስለዚህ አትውሰዳት። ልታያት ከፈለግክ ና፣ ዓይኔ እስኪጠፋ ናፍቄሃለሁ። ግን ለመውሰድ አትምጣ።

የጓደኛዋን ስም እንድጽፍልህ ተፈቅዶልኝ ነበር። አልጽፈውም። ሚጢ ትምህርቷን ልታጣ እስክትደርስ የጠበቀችውን እኔ በአንድ ወረቀት አላፈሰውም። ፖስታው ላይ “በእጁ ይሰጥ” ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ እስከዚህ ያነበብከው ላንተ ብቻ ነው። ጨርሰህ ስታበቃ ይህን ክፍል ቀደህ እሳት ውስጥ ጨምረው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቤት ስትገባ ሁሉም ተሰብስበው እንዲሰሙት ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ፤ ሙቅ ውሃ እንዲይዙልሽ አደራ። እትዬ፣ እንደ እህቴ የምወድሽ፣ በኔ ምክንያት እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ለትንሿ ልጃችን ጉንጯን ሁለት ጊዜ ሳሙልኝ፣ አንዱ የእህቷ ነው። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውና ለቤተሰቡ ሰላምታዬ ይድረስ። ባለፈው “ሚጢ አትበላም” ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነበር። በዚያች ጠባብ መስኮት የሌላ ሰው እጅ አይቼ ከሷ እጅ ጋር አምታትቼው ነው። ሳላጣራ ቸኩዬ ጻፍኩ፤ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ሰው ሁሉ እስኪጠግብ ይሳቅብኝ፤ “አክስቷ ዓይኗ ፈዟል” በሉ፣ እኔ ምንም አልከፋም። እሁድ ዕለት ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ በመስኮት ሳይሆን በግልጽ፣ ሁለት ሳህን ሩዝ ስትበላ አይቻለሁ። ልጃችን ትበላለች። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።

እህትህ

ከኮሌጁ ምግብ አዳራሽ ጓሮ
የካቲት ፲፱ ቀን